በአበባው ወራት በጎንደር ዙሪያ ወፍና የዱር እንስሳ ለማየትና ለማንሳት፦ የትኛው ቦታ በየትኛው ወር?

ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው አደይ ሲለብስ፣ ጎንደር ውስጥ ካሜራ ያለው ሰው ሁሉ የሚያስበው የሰሜን ተራሮችን ነው። ዋልያው እዚያ ነው፣ ጭላዳው እዚያ ነው፣ ቀይ ቀበሮውም እዚያ ነው፤ ማሰቡ አያስወቅስም። እኔ ግን "ወዴት ልሂድ?" የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው "መቼ ነው የምትሄደው?" ብዬ ነው። በእኛ አካባቢ ቦታውን የሚመርጠው ወሩ ነው። በመስከረም አጋማሽ ወፍ የሚርመሰመስበት ቅጥር በኅዳር መጨረሻ ጭር ይላል፤ በኅዳር የሚያስደምመው ሜዳ ደግሞ በመስከረም እግር አያስገባም።

ምክንያቱ ከፍታ ነው። የጣና ዳርቻ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ጎንደር ከተማ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር ያልፋል። ከሐይቁ ዳር የሰሜን ተራሮች መግቢያ እስከሆነችው ደባርቅ በመኪና ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው፤ ወቅቱ ግን በዚህ ሁሉ መሬት ላይ እኩል አይገባም። የከተማው ደብሮች ለመስቀል በአበባ ደምቀው ሳለ የሰሜን ገደሎች ገና ጉም ታቅፈው ይውላሉ፤ በጣና ዳር ያለው የደንቢያ ሜዳ ላይ ደግሞ ውሃ ተኝቶበታል። ጣና ከዓመቱ ሁሉ ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ነው፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም ወንዞቹ ውሃ ማስገባታቸውን አያቆሙም። ስለዚህ ቦታዎቹን የማነጻጽረው በዝናቸው መጠን አይደለም፤ ወቅታቸው በሚደርስበት ቅደም ተከተል ነው።

መስከረም፦ ከተማው ይቅደም

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ድረስ ከጎንደር ባትወጡ ምንም አይቀርባችሁም። ከተማው ውስጥ ያሉት ዋና አማራጮች ሦስት ናቸው፦ የደብሮች ቅጥር፣ ፋሲል ግቢና የፋሲል መዋኛ። እኔ የማስቀድመው የደብሮቹን ቅጥር ነው።

ጎንደር የአርባ አራቱ ታቦት አገር ናት ይባላል። ለወፍ ተመልካች ይህ ማለት በየኮረብታው ላይ ያልተቆረጠ ጥድና ወይራ ያለበት ቅጥር አለ ማለት ነው። በዙሪያው ያለው መሬት ለእርሻና ለቤት መሥሪያ ሲመነጠር፣ በቅጥሩ ውስጥ ያለው ዛፍ ለታቦቱ ክብር ሲባል ተርፏል። ወንጭፍ የያዘ ልጅም ወደዚያ ደፍሮ አይገባም። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወይም ቁስቋም ማርያም ቅጥር ውስጥ ያለች ወፍ፣ እርሻ ዳር ካለችው ይልቅ ሰውን ታስጠጋለች፤ ሌላ ቦታ በትልቅ ሌንስ የምትነሣው ወፍ እዚህ በመካከለኛ ሌንስ ትነሣለች። ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ ነገር የለም።

ሌላው ብልጫው ሰዓቱ ነው። ወፍ በደንብ የምትታየው ፀሐይ ከወጣች ጀምሮ እስከ ጧቱ 3 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ትደበቃለች፣ ብርሃኑም ከላይ እየወረደ ላባዋን ያገረጣዋል። ፋሲል ግቢ የሚከፈተው በሥራ ሰዓት፣ በትኬት ነው፤ ምርጡ ብርሃን በሩ ላይ ቆመን ያልፈናል። የደብሩ በር ግን ኪዳን ለማድረስ በሚመጡት አባቶች ጧት በማለዳ ይከፈታል። ጸሎት ለማድረስ የገባ ሰው ሲወጣ ከዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ ሊያይ ይችላል።

ምን ይታያል? በመስከረም የሚያስደስተው ወንዶቹ ወፎች ለጋብቻ የለበሱት ላባ ነው። ጎጆዋን በሣር ጠልፋ የምትሠራው ሸማኔ ወፍ ዝናቡንና ማግስቱን ተከትላ ስለምትራባ፣ ወንዱ ቢጫ ሆኖ ከቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ተገልብጦ ጎጆ ሲሠራ ታገኙታላችሁ። ቅጥሩን ወጥታችሁ ገብስ ዳር ወይም ረጅም ሣር ያለበት ቦታ ብትሄዱ፣ ጥቁርና ቢጫ የለበሰ ትንሽ ወፍ ላባውን ነፍቶ ከሣሩ በላይ እየተንሳፈፈ ይበራል። ይኸው ወፍ በበጋ ቡናማ ሆኖ ከድንቢጥ ጋር ይቀላቀላል፤ ብዙ ሰው አይለየውም። አንዳንድ ወፎች በመስከረም ብቻ መጥተው የሚጠፉ የሚመስሉን አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ አልሄዱም፣ ልብሳቸውን ቀይረዋል። የመስቀልን ወፍ ከልጅነቱ ጀምሮ በዓይኑ ሲፈልግ የኖረ ሰው ይህን ሲያውቅ ደስታው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ዓመቱን ሙሉ አጠገባችን ነበሩ ማለት ነው።

አበባው ላይ ደግሞ ማር የሚቀስሙት ረጅም መንቁር ያላቸው ጥቃቅን ወፎች አሉ። ከእነርሱ በመጠን ትልቁ የሆነውና ደጋውን የሚወደው ወፍ በሳይንሳዊ ስሙ ተከዜን ይዟል። ወንዱ በጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ስታገኘው ግን ሐምራዊና መዳብማ ሆኖ ያበራል። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ አንድ አበባ መርጣችሁ ጠብቁ። እርሱን አትከተሉት፤ አበባውን የራሱ አድርጎ ስለሚጠብቅ ተመልሶ ይመጣል።

ፋሲል ግቢ የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር ድንጋዩ ነው። አንገቷ ላይ ነጭ ማተብ ያሰረች የምትመስለው ግራጫ ርግብ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር የትም የለችም፤ ገደልና የድንጋይ ሕንፃ ላይ ማደር ትወዳለች። ወፍና ታሪክ በአንድ ፎቶ የሚፈልግ ሰው የግንቦቹን መስኮትና ሰገነት ይጠብቅ። በዚህ ዓይነት ፎቶ ላይ የቀትር ብርሃን ያን ያህል አይጎዳም፤ ጥቁሩ ድንጋይ ጥላውን ይሸከመዋል። ቀና ብትሉ ጭልፊትና ትንሹ ጥንብ አንሳ ሲዞሩ ታያላችሁ። ይህ ራሱ ላይ ላባ የሌለው ጥንብ አንሳ በከተሞቻችን ስለለመድነው ዋጋ አንሰጠውም፤ በዓለም ደረጃ ግን ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች መካከል ተመዝግቧል። ከውጭ የሚመጣ ተመልካች ለእርሱ ሲል ቄራ አጠገብ ይቆማል፤ እኛ ቀና ብለን ብናየው በቂ ነው።

የፋሲል መዋኛን የማስቀምጠው ሦስተኛ ነው። ገንዳው ለጥምቀት ካልሆነ በቀር አብዛኛውን ጊዜ ውሃ ስለሌለው የውሃ ወፍ ፈልጋችሁ አትሂዱ። ሥራቸው ቅጥሩን ያቀፈው ትልልቅ ዛፎች ግን ጥሩ ጥላና ጥሩ ዳራ ይሰጣሉ፤ ፍሬ የያዙ ጊዜ ቅርንጫፋቸው በወፍ ይሞላል። የአንገረብ ግድብ ላይ የውሃ ወፍ አለ፤ ነገር ግን የከተማው የመጠጥ ውሃ ስለሆነ ጥበቃውን ሳታስፈቅዱ ካሜራ አታውጡ።

የደብር ነገር ሲነሣ ሥርዓቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ቅዳሴ ሲሆን ካሜራው ከቦርሳ አይወጣም። ከኪዳን በኋላ አስተዳዳሪውን ወይም ጥበቃውን ፈልጋችሁ፣ "ይፍቱኝ አባቴ፣ ወፎቹን ላነሣ ነበር" ብላችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከፈቃዱ ጋር ወፎቹ የት እንደሚያድሩም ይነገራችኋል። መቃብር ላይ አትውጡ፤ መነኮሳቱንና ቆሎ ተማሪዎቹን ሳታስፈቅዱ አታንሡ። ጎጆ ስታገኙ ቅጠሉን ገፍታችሁ ለማንሣት አትሞክሩ፤ እናቲቱ ተነሥታ በቀረችበት ደቂቃ ቁራ ጫጩቱን ይወስዳል።

ጥቅምት፦ ኮሶዬ ወይስ ሰሜን ተራሮች?

ወደ መስከረም መጨረሻ ጉሙ ይነሣል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት የደጋው ምርጥ ጊዜ ናቸው፤ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ አየሩ ከአቧራ የጠራ ነው፣ በገደሉ ጠርዝ ላይ አበባ አለ። በጥር የሚሄድ ሰው ያንኑ ገደል ያገኛል፤ ሣሩ ግን ደርቆ ቢጫ ሆኗል፣ ቆላውም በጭስና በአቧራ ተሸፍኗል። ለፎቶ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ሰው የሚሳሳተው "ሰሜን ወይም ምንም" ብሎ ሲያስብ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ኮሶዬ ብትወርዱ፣ ያው ገደል እዚያ ይጀምራል። መሬቱ በድንገት ተቆርጦ ቆላው ከእግራችሁ በታች ይዘረጋል፤ ሩቅ ደግሞ የሰሜን አምባዎች ይታያሉ። ጧት ሄዶ ለምሳ መመለስ ይቻላል። የፓርክ መግቢያ፣ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ)፣ ድንኳን፣ ማደሪያ የሚባል ጣጣ የለም፤ የአካባቢውን ልጅ መሪ አድርጎ መክፈል ግን ተገቢ ነው፣ ጭላዳዎቹ በዚያ ሳምንት የት እንዳሉ የሚያውቀው እርሱ ነው።

ኮሶዬ የሚያሸንፈው በበራሪዎቹ ነው። ቆላው ሲሞቅ አየሩ በገደሉ ላይ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጥንብ አንሳውና ንስሩ ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ በዚያ ነፋስ ከፍ ይላሉ። ጠርዙ ላይ የተቀመጠ ሰው ከዓይኑ ትይዩ፣ አንዳንዴም ከበታቹ ሲያልፉ ያያቸዋል። ከሜዳ ላይ ሆናችሁ አሞራ ስታነሡ የምታገኙት የሆዱን ጥላ ነው፤ ከዚህ ግን የክንፉን ጀርባና ዓይኑን ታገኛላችሁ። ለዚህ ደግሞ ከጧቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ከዚያ በፊት ነፋሱ አይነሣም፣ ከዚያ በኋላ ከቆላው ደመና መውጣት ይጀምራል። ይህ አንዱ በማለዳ መነሣት ግዴታ ያልሆነበት ሥራ ነው።

ከሁሉ በላይ ተስፋ የሚደረገው ጢም ያለውና ደረቱ ወርቃማ የሆነው ታላቅ አሞራ ነው። አጥንት ወደ ላይ ይዞ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ይጥልና ሲሰበር መቅኑን ይበላል። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር ሲመጣ ሊማሊሞ አናት ላይ አገልጋዮቹ የፍየል ሥጋ ቀቅለው ሊበሉ ሲቀመጡ ይህ አሞራ ከመካከላቸው ወርዶ ከምግቡ እንደወሰደ ጽፏል፤ "ንስር ወርቅ" ብሎም መዝግቦታል። ዛሬም ጠባዩ ያው ነው፤ ሰውን ያን ያህል አይፈራም፣ ሰው ካለበት አጥንት እንደማይጠፋ ያውቃል።

ሰሜን ተራሮች ግን ሌላ ደረጃ ነው፤ በቂ ጊዜ ላለው ሰው ምትክ የለውም። ከጎንደር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ርቆ ደባርቅ ላይ ተመዝግቦ ይገባል፤ የታጠቀ ስካውት መያዝ ግዴታ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ዋልያ በዓለም ላይ ያለው እዚህ ብቻ ነው። ጭላዳንና ዋልያን፣ እንዲሁም በየካምፑ የሚያጋጥመውን ወፍራም መንቁርና ነጭ ማጅራት ያለውን ቁራ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ለአውሮፓ ሳይንስ የገለጸው በዚህ በኩል የተጓዘው ጀርመናዊው ሩፔል ነው። ስለዚህ በዚያ ጠርዝ ላይ ቆማችሁ የምታዩት ብዙው ነገር ለዓለም መዝገብ የተነሣው ከዚሁ መሬት ነው።

በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ሰሜንን ለማየት መሞከርን አልመክርም። ከጎንደር ተነሥታችሁ ከፓርኩ ካምፖች አንዱ የሆነው ሳንቃበር ስትደርሱ ጥሩው ብርሃን አልፏል፤ ለመመለስ ስትቸኩሉ የማታውም ያልፋችኋል። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ኮሶዬ ይሂድ። ሁለት ሌሊት ያለው ደግሞ አንዱን ሳንቃበር፣ አንዱን ጨነቅ ያሳልፍ፤ በእግር መሄድ የሚችልና ሦስተኛ ሌሊት ያለው ግጭን ይጨምር።

ሳንቃበርና ግጭ የጭላዳ ናቸው፣ ጨነቅ የዋልያ ነው። ጭላዳ ሌሊቱን በገደሉ ግድግዳ ላይ ባሉ እርከኖች ያድርና ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ላይ ይወጣል፤ መጀመሪያ ቁጭ ብለው ይሞቃሉ፣ እርስ በርስ ቅማል ይለቃቀማሉ፣ ከዚያ ወደ ሣሩ ይበተናሉ። ምግቡ ሣር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነጫል፤ ከቦታው ሲንቀሳቀስም አይቸኩልም። ለፎቶ የሚሻለው የመጀመሪያው ሰዓት ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ቀድማችሁ ሣሩ ላይ ተቀመጡ፣ እነርሱ ወደ እናንተ ይምጡ። ቆሞ የሚቀርባቸው ሰው ጀርባቸውን ብቻ ያገኛል። ጎንበስ ብላችሁ ካሜራውን ከፊታቸው ትይዩ አድርጉት፤ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት፣ ወንዱ ላይ እንደ ካባ የወረደው ጠጉር በዚያ ጊዜ ነው የሚወጣው። ፊታቸው ጥቁር ስለሆነ ካሜራው ብቻውን ሲለካ ሣሩን አስተካክሎ ዓይናቸውን ጉድጓድ ያደርገዋል፤ ብርሃኑን በትንሹ ጨምሩለት። ምግብ ፈጽሞ አትስጡ። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጭላዳ ወደ ገብሱ ይገባል፤ ገብስ የሚጠብቀው እረኛ ደግሞ ድንጋይ ያነሣል።

ዋልያን በጥቅምት መፈለግ ሌላም ጥቅም አለው፤ ግልገሎች በብዛት የሚወለዱት በዚህ አካባቢ ነው። ጧት በማለዳ ከጨነቅ በላይ ያለውን ቁልቁለት በባይኖኩላር ቀስ ብላችሁ አበጥሩ። ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመው አውራ ብዙ ጊዜ ከእንስቶቹና ከግልገሎቹ ተለይቶ ነው የሚገኘው። ካያችሁ በኋላ ከላይ አትምጡበት። ዋልያ ከበታቹ ያለን ሰው ይታገሣል፤ ከላይ የሚመጣን ግን ማምለጫውን የዘጋበት ስለሚመስለው ገደሉን ይወርዳል።

ቀይ ቀበሮን አስባችሁ አትሂዱ። በመላ ኢትዮጵያ ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ 500 አይሞሉም፤ የሚበዙትም ባሌ ናቸው። ስሙ በሳይንስ የሰሜንን ስም ይዟል፣ ሰሜን ላይ ግን ጥቂት ነው። ዕድል ካጋጠማችሁ አመስግኑ፤ መንገዱን ግን ለእርሱ ብላችሁ አትቀይሱ። በጅብራው መካከል ያሉት ቆቆች፣ በካምፑ ላይ እየጮሁ የሚያልፉት ጋጋኖዎች፣ በአስታው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ወፎች የሰሜንን ቀን ይሞሉታል።

ስለ ሰውነታችሁ ሁለት ነገር ልበል። ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፤ ከቆላ በቀጥታ መጥቶ እዚያ ማደር ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል፤ ጎንደር ወይም ደባርቅ አንድ ሌሊት ማደር ይረዳል። ሌሊቱ እጅግ ስለሚቀዘቅዝ ባትሪ ይሞታል። ትርፍ ባትሪውን ከሰውነታችሁ ጋር በመኝታ ከረጢቱ ውስጥ አሳድሩት፤ ካሜራውን ግን ወደ ሙቀቱ አታስገቡት፣ ቀዝቅዞ ሳለ ሙቀት ሲያገኝ ሌንሱ ላይ ላብ ይቋጥራል።

ኅዳር፦ ጎርጎራና የደንቢያ ሜዳ

ኅዳር ሲገባ ወደ ደቡብ ዙሩ። ጎርጎራ ከጎንደር ወደ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውሃው እየሸሸ ነው፣ መረሬው እየጠነከረ ነው፣ ጤፉ እየታጨደ ነው። ከአውሮፓና ከሩሲያ በኩል የሚመጡት ግራጫ ክሬኖች (አንገታቸውና እግራቸው ረጅም የሆነ ትልልቅ ወፎች) ከጥቅምት መጨረሻ ጀምረው በጣና ዙሪያ ይሰፍራሉ፤ እስከ የካቲት አካባቢ ይቆያሉ። ጣናና ዙሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል፤ ለእነዚህ ወፎች የአገራቸውን ብርድ ከሚሸሹባቸው ዋና ዋና መጠጊያዎች አንዱ ነው። ራሱ ላይ ወርቃማ ዘውድ ያለው ጥቁር ክሬን ደግሞ እንግዳ አይደለም፤ የጣና ነዋሪ ነው፣ ቁጥሩም እየቀነሰ ያለ ወፍ ነው።

ይህን ቦታ ከሰሜን ጋር ማወዳደር ይከብዳል፤ ደስታው ሌላ ነው። ሰሜን ላይ አንድ እንስሳ ለብዙ ሰዓት ታያላችሁ፤ ጣና ላይ ከብዛትና ከድምፅ ጋር ትውላላችሁ። ክሬኖቹ ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ጎሕ ሲቀድ ተሰልፈው ወደ ሜዳው ይነሣሉ፤ መለከት የመሰለው ድምፃቸው ከመታየታቸው በፊት ይሰማል። ቀኑን በታጨደው ማሳ ላይ የወደቀ ፍሬ ሲለቅሙ ይውላሉ፣ ሲመሽ ይመለሳሉ። ፎቶው ያለው በሁለቱ በረራዎች ላይ ነው። ሰማዩ ቀይ ሆኖ እነርሱ ጥቁር ጥላ ሆነው የሚያልፉበት ፎቶ በስልክም ሊነሣ ይችላል። ላባቸው እንዲታይ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ፀሐይ ከፍ እስክትል ጠብቃችሁ፣ ጀርባችሁን ለፀሐይ ሰጥታችሁ የሻተሩን ፍጥነት ከሺህኛ ሰከንድ በላይ አድርጉ።

ጎርጎራ ላይ መወሰን ያለባችሁ በጀልባ ወይስ በእግር የሚለውን ነው። በጀልባ የሚታየው የዳርቻው ወፍ ነው፦ ነጭ ራስ ያለው ዓሣ አዳኝ ንስር፣ ውሃው ላይ ቆሞ ክንፉን እያራገበ ቁልቁል የሚወረወረው ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ ወፍ፣ ፔሊካን፣ ዳክዬና ይብራ። ሞተር ያለው ጀልባ ይፈጥናል፤ ነገር ግን መንቀጥቀጡ ፎቶውን ያበላሻል፣ ድምፁም ወፉን ያስነሣል። ከተቻለ ባለ ጀልባው ደንገሉ ጋ ሲደርስ ሞተሩን አጥፍቶ በመቅዘፊያ እንዲጠጋ አስቀድማችሁ ተስማሙ። የደንገል ታንኳ ዝምታው ወደር የለውም፤ ውድ ካሜራ ይዞ የሚገባበት ግን አይደለም።

በእግር የሚታየው የሜዳው ወፍ ነው፤ ክሬኖቹን የፈለገ ሰው ይህን ይምረጥ። ማሳው የሰው እንጀራ መሆኑን አትርሱ። ሽምብራ በተዘራበት መሬት አቋርጦ የሚሄድ ሰው ቡቃያ ይረግጣል፤ ገበሬውም ክሬኖቹን ከእርሻው ለማባረር በሚደክምበት ሰዓት ነው የመጣነው። ማሳው ላይ ያለውን ሰው "እንደምን ዋላችሁ፣ ይባርክ" ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ በድንበሩ በኩል ማለፍ ይገባል። የተከመረ ነዶ ጥላ ሥር እንድትቀመጡ ከተፈቀደላችሁ ከየትኛውም የተገዛ ድንኳን ይሻላል፤ ወፎቹ ነዶውን ለምደውታል።

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ የወባ ወቅት ነው። ሌሊቱን በአጎበር እደሩ፤ ለማታው በረራ ስትቀመጡ እጅና እግራችሁን ሸፍኑ።

ካሜራ፣ ስልክ ወይስ ባይኖኩላር?

ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ባይኖኩላር ግዙ። ስምንት ጊዜ የሚያቀርብና የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነው ለእጅ አይከብድም፣ በማለዳ ብርሃንም ያሳያል። አሥራ ሁለት ጊዜ የሚያቀርበውን ሻጮች ይገፋፉበታል፤ እጅ ላይ ስለሚንቀጠቀጥ ግን ዝርዝሩን መልሶ ይወስደዋል። ወፏን ሳያይ ያነሣ ሰው ቤቱ ሲደርስ ምን እንዳነሣ አያውቅም፤ አይቶ ያነሣ ግን የት እንደምትቀመጥ ስላወቀ ፎቶውም ይሻላል።

ስልክ ለገደሉ፣ ለአበባው፣ ለክሬኖቹ ሰልፍና ለጭላዳ መንጋ ይበቃል። ለወፍ ግን በስክሪኑ ላይ በጣት ማስፋት ምንም አይጨምርም። የስልኩን ካሜራ በባይኖኩላሩ ዓይን ላይ አስጠግቶ ማንሣት ይቻላል፤ ወፏን ለመለየት የሚያህል ፎቶ ይሰጣል።

ሌንሱ የማይነቀል፣ እጅግ ሩቅ የሚያቀርበው ካሜራና ትልቅ ሌንስ ያለው ካሜራ ሲወዳደሩ፣ ለአብዛኛው ሰው የመጀመሪያው ይሻላል ባይ ነኝ። ይቀላል፣ ዋጋው ያንሳል፣ በሰሜን ቁልቁለት ላይ ትከሻ አይሰብርም፣ በጭቃና በአቧራ መካከልም ሌንስ መቀየር አያስፈልግም። ድክመቱ በደብሩ ጥላ ውስጥና በማለዳ ነው፤ ብርሃን ሲያንስ ፎቶው ይሻክራል። በገደሉ ላይ የሚበር አሞራን ለማንሣት ቆርጦ የተነሣ ሰው ግን ቢያንስ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስና ትኩረቱን ቶሎ የሚይዝ ካሜራ ያስፈልገዋል፤ እዚያ ላይ ርካሹ ካሜራ ወደ ኋላ ይቀራል። ድሮን ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ ቢቻልም ገደል ላይ ጎጆ ያለውን አሞራ ስለሚያስደነግጥ አልደግፈውም።

ስለ ቀሩት

በቋራ በኩል ከሱዳን ጋር የሚዋሰነው አላጢሽ ብሔራዊ ፓርክ በዚህ ወቅት ምርጫ ውስጥ አይገባም፤ ቆላ ነው፣ ሩቅ ነው፣ ከዝናቡ በኋላ መንገዱ ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል። ሣሩም ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ እንስሳውን ይሸፍነዋል።

ከከተማው የሚወጣ ማንኛውም ጉዞ፣ ኮሶዬም ሆነ ደባርቅ ወይም ጎርጎራ፣ የመንገዱን ጸጥታ በመጠየቅ ይጀምራል። በዋዜማው ወደዚያው ደውላችሁ በዚያው ሳምንት የተመላለሰ ሾፌር ወይም የማደሪያውን ሰው አነጋግሩ፤ የወር መረጃ አይጠቅምም። መንገዱ ካልተመቸ ቁስቋም በእግር የሚደረስበት ነው፤ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ ቢጫው ወንድ ጎጆው ላይ ተገልብጦ ሊገኝ ይችላል።